የብስክሌት መንገደኛ ስንቅ፦ ውሃ፣ ጨውና ጥንቃቄ

በዚህ ወር ዓምዳችን ብስክሌት ይዞ ረጅም መንገድ ለሚወጣ ሰው የሚያስፈልገውን የጤና ጥንቃቄ እንመለከታለን።

በጥር 1995 ዓ.ም. (2003 እ.ኤ.አ.) «ቱር ዳፍሪክ» የተባለው የብስክሌት ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከካይሮ ተነስቶ ወደ ኬፕ ታውን አቀና። ርቀቱ 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አራት ወር ያህል ይፈጃል። ተጓዦቹ በአገራችን ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲያልፉ ያገኟቸው የነበሩት ወረታና ሐሙሲት ለአንበሳሜ ሰው ጎረቤት ናቸው። ከዚያም የዓባይን በረሃ ወርደው መልሰው ይወጡት ነበር። እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያስፈጽመው የእግር ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ሳይጠሙ መጠጣትና ሳይራቡ መብላትም ነው።

ደጋው ያታልላል

ከወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስታችሁ ወደ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ስትወጡ አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ነፋሱ ላቡን ቶሎ ስለሚያደርቀው ያላባችሁ ይመስላችኋል። ሆኖም ዳገት የሚገፋ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ውሃ ሊያጣ ይችላል፤ ከላቡ ጋርም ጨው ይወጣል። ራስ ምታት፣ ማዞርና የጠቆረ ሽንት የውሃ እጥረት ምልክቶች ናቸው።

• ውሃ በየ15 እና 20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ጠጡ። ብዙ ላብ ካለ አንድ ከረጢት «ለምለም» በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። ከሌለ በአንድ ሊትር ውሃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ጨው አታብዙ።
• በሶ፣ ቆሎ፣ ሙዝና ቴምር ያዙ። በሰውነት የተከማቸው ስኳር በከባድ ጉዞ ሁለት ሰዓት ገደማ ቢቆይ ነው።
• የጉማራና የርብ ውሃ ጥሩ ቢመስልም ሳይፈላ ወይም በውሃ አጋር ሳይታከም አይጠጣ። ቢልሃርዚያ በቆዳ ስለሚገባ ለውዱእ ወንዝ ውስጥ አትግቡ። የያዛችሁት ውሃ ለመጠጥ ብቻ የሚበቃ ከሆነና ጥም የምትፈሩ ከሆነ ሸሪዓው ተየሙምን ፈቅዷል።

መድኃኒት የምትወስዱ

የስኳር ሕመምተኛ ሆናችሁ ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ ከጉዞው በፊት ስለ መጠኑ ሐኪም አማክሩ። በራሳችሁ አታቋርጡ። ስኳር መውረድ በመንገድ ላይ ብቻ ሳይሆን ሌሊት በእንቅልፍም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ማታ ሳትበሉ አትተኙ። መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብና ግራ መጋባት ከተሰማችሁ ወዲያው ቁሙና ስኳር ወይም ቴምር ብሉ። ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል የሚወስድ ሰው የልብ ምቱ ስለማይፈጥን ማስጠንቀቂያው ሊያመልጠው ይችላል። ለደም ግፊት የሚያሸና ኪኒን የሚወስድም ከሌላው ቀድሞ ይደርቃል። አብሯችሁ ለሚጓዝ ሰው ሕመማችሁን ንገሩት፤ ራሳችሁን ብትስቱ የሚረዳችሁ እሱ ነውና። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምንም በአፉ አይሰጥ፤ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

በረመዷን

ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 185 በሽተኛና መንገደኛ ያፈጠሩትን በሌላ ቀን እንዲከፍሉ ፈቅዷል። ደረቅ ጉሮሮ ይዞ ዳገት ላይ የሚወድቅ ወጣት ጀግንነት አላሳየም፤ ከጌታው የተሰጠውን ቅለት ትቶ ራሱን ጎድቷል። ጉዞው ለማፍጠር የሚያበቃ ርቀት መሆኑን የመስጂዳችሁን ዓሊም ጠይቁ። ጾሙ የማይቋረጥበት ጉዞ ከሆነ መንገዱን ለሌላ ቀን አቆዩት።

በመጨረሻም፣ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም አጣሩ፤ ፍሬን ፈትሹ፤ የራስ ቆብ አድርጉ። ሰውነታችን አላህ የሰጠን አማና ነው። መንገዳችሁን አላህ ያግራላችሁ። ወላሁ አዕለም።