ልጁ ጌም የሚጫወተው ለምንድን ነው?

«መምህር፣ ይሄ ጌም የልጄን ጭንቅላት ጨረሰው» የሚለኝ ወላጅ ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። አብዛኞቹ ማወቅ የሚፈልጉት በቀን ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድ ነው። እኔ መልሼ የምጠይቃቸው ግን ሌላ ነው፦ ልጁ ለጌሙ ሲል ምን ተወ? ኳሱን? ጓደኞቹን? እንቅልፉን?

የዓለም ጤና ድርጅትም የሚያየው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው የበሽታዎች ዝርዝር የጌም ሱስን ከሕመም ቆጥሮታል፤ የሰዓት ገደብ ግን አላስቀመጠም። ልጁ ላቁም ቢል ማቆም ካቃተው፣ ጌሙ ከትምህርቱም ከቤተሰቡም ከቀደመ፣ ጉዳቱን እያየ ከቀጠለ፣ ይህም ኑሮውን አናግቶ አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል ከዘለቀ ሕመም ነው። እዚህ የሚደርሱት ከተጫዋቾቹ ጥቂቶቹ ናቸው።

ጌም የሚያክምበት ጊዜም አለ። ኦክስፎርድ ውስጥ የመኪና አደጋ ደርሶባቸው ድንገተኛ ክፍል የገቡ 71 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ከአደጋው በኋላ ባሉት 6 ሰዓታት ውስጥ ግማሾቹ አደጋውን በአጭሩ እንዲያስታውሱ ተደርጎ 20 ደቂቃ ያህል ቴትሪስ ተጫወቱ። በቀጣዩ ሳምንት አደጋው ሳይፈልጉት ዓይናቸው ላይ የመጣባቸው ጊዜ ካልተጫወቱት በ62 በመቶ ያነሰ ነበር። ክፉ ትዝታ የሚመጣው በአብዛኛው በምስል ነው፤ አእምሮ ምስሉን ገና ሳያጸናው በሚወርዱት ቅርጾች ከተጠመደ የትዝታው ጉልበት ይቀንሳል።

በጃፓን ደግሞ በኮሮና ጊዜ የጌም ማጫወቻ ከገበያ ጠፍቶ ሱቆች በዕጣ ይሸጡ ነበር። ተመራማሪዎች ዕጣ የደረሳቸውን ካልደረሳቸው ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ማጫወቻውን ያገኙት የአእምሮ ደኅንነታቸው ተሽሎ ተገኘ። በቀን ከ3 ሰዓት ሲያልፍ ግን ጥቅሙ እየቀነሰ ሄደ።

በሰፈራችን የቆርቆሮ ፕሌይስቴሽን ቤት አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ሁለት ጆይስቲክ አለ። የተሸነፈ ከፍሎ ለተረኛ ይለቃል። አባቱ የሞተበት አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ ከለቅሶው በኋላ እዚያ ይመጣ ጀመር። ደስ አለኝ፤ ክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የሚውል ልጅ ጎል ሲያገባ ይጮሃል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይከራከራል፣ ሲመሽ አብሯቸው ወደ ቤት ይሄዳል። ከወራት በኋላ ግን በትምህርት ሰዓት ብቻውን ተቀምጦ አየሁት። ሲያሸንፍ እንኳ ፊቱ አይፈታም። ቴሌቪዥኑም ጨዋታውም ያው ነው፤ የጠናው ሐዘኑ ነበር። እናቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። እንደነገረችኝ ከሆነ እዚያ ያወራው ስለ ጌም ሳይሆን ስለ አባቱ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ጆይስቲኩን ከመንጠቃችሁ በፊት አጠገቡ ተቀመጡና አንድ ጨዋታ አብራችሁት ተጫወቱ። የሚደሰት ልጅና የሚሸሽ ልጅ ፊታቸው ይለያል። እንቅልፉና ትምህርቱ ከተበላሹ፣ ጌሙም ደስታ ካልሰጠው፣ ጠበልም ሆነ ምክር እየሞከራችሁ ሐኪም ማሳየቱን አታዘግዩ። «አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ታየ ይሉብኛል» ብሎ መፍራትም አይገባም። የአእምሮ ሕክምና ዛሬ በጳውሎስም በዘውዲቱም ሆስፒታል ይሰጣል፤ እንደ ማንኛውም በሽተኛ ካርድ አውጥቶ መታየት ይቻላል።