የሳተላይት ራዲዮ ዝም ሲል

ለክረምት ዕረፍት ወደ ኢሉባቦር የምንመለስ ተማሪዎች ሁላችን የምናውቀው አንድ ፈተና አለ። ይኸውም በአዳራሽ ውስጥ የሚሰጠው ሳይሆን በወላጆቻችን ሳሎን የሚጠብቀን ነው። ሻንጣችንን ሳናስቀምጥ፥ ቡናው ሳይፈላ፥ «እስቲ ይህን ነገር እየው፤ ከሰኔ ወዲህ ድምፅ የለውም» ተብለን ወደ ሪሲቨሩ እንመራለን። የምናጠናው ፊዚክስ ይሁን ታሪክ የሚጠይቀን የለም። ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ እንግዲያው ያውቃል።

እኛ በመቱ ከተማ በዚህ ፈተና ወድቀናል። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ጡረተኛ መምህር ዓይናቸው ስለደከመ ቴሌቪዥን አያዩም፤ በሪሲቨሩ የሚያዳምጡት የራዲዮ ጣቢያዎችን ነው። መሣሪያው ዝም ቢልባቸው አስጠሩን። እኛም አላውቅም ማለት ስላሳፈረን «ውስጡ ተቃጥሏል» ብለን ፈረድን። ጋሼ ቃላችንን አምነው ወደ ራዲዮ ጠጋኝ ላኩት፤ ከጡረታ ደመወዛቸው ከፈሉ፤ ሪሲቨሩ ግን ተመልሶም ዝም አለ። በመጨረሻ ጥፋቱ ጣሪያው ላይ ባለው የገመድ ጫፍ የገባ ውኃ ሆኖ ተገኘ። እርሳቸው አልተቆጡንም፤ «ዋናው መገኘቱ ነው» ብለው አለፉት። ይህ ግን ከቁጣ ይብሳል። ስለዚህ ሌላው ወንድማችን ወይም እህታችን የኛን ስሕተት እንዳይደግም የተማርነውን እንጽፋለን።

በቅድሚያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ለኛ ባንድ ቦታ የቆመ ይመስላል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮሳት የሚባለው አገልግሎት የኢትዮጵያን ጣቢያዎች የሚያሠራጨው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለ ሳተላይት ነው። ሰሃኑ (ዲሹ) ደካማውን ሞገድ ሰብስቦ ፊቱ ላይ ወደቆመው ኤል ኤን ቢ ይወረውራል። ኤል ኤን ቢውም ሞገዱን አጉልቶ፥ በገመድ ሊጓዝ ወደሚችል ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ለውጦ ወደ ሪሲቨሩ ይልካል። ሪሲቨሩም በበኩሉ በዚያው ገመድ ለኤል ኤን ቢው 13 ወይም 18 ቮልት ይልክለታል። ስለዚህ ገመዱ ድምፅ ወደ ታች፥ ምግብ ወደ ላይ የሚተላለፍበት መንገድ ነው። ይህን የተረዳ ሰው የጥፋቱን ግማሽ አገኘው ማለት ይቻላል።

አንደኛ፥ ሳንነካ እንጠይቅ። የጠፋው አንድ ጣቢያ ነው ወይስ ሁሉም? አንዱ ብቻ ከሆነ ጣቢያው ፍሪኩዌንሲ ቀይሮ ይሆናልና ጣቢያዎችን እንደገና መፈለግ ይበቃል። ሁሉም ከጠፋ የጎረቤት ዲሽ ይሠራል ወይ ብለን እንይ፤ የርሱም ከጠፋ ጥፋቱ ከቤታችን ላይሆን ይችላል። ደግሞም በሪሞቱ ላይ ከቴሌቪዥን ወደ ራዲዮ የሚያዛውር ቁልፍ መኖሩን አንዘንጋ። ሕፃን ነክቶት ቢሆን፥ ራዲዮ የነበረው ቴሌቪዥን ይሆናል፤ ወይም ምስሉ ጠፍቶ «ተበላሸ» ይባላል።

ሁለተኛ፥ መብራቱን እንመርምር። የሪሲቨሩ መብራት ካልበራ ሶኬቱን፥ ማከፋፈያውንና ስታቢላይዘሩን በተራ እንፈትሽ። መብራቱ በርቶ ትእዛዝ ካልሰማ የሪሞቱን ባትሪ ድንጋይ መለወጥ ይቀድማል።

ሦስተኛ፥ በሪሲቨሩ የማስተካከያ ገጽ ላይ የሚታዩትን ሁለት መሥመሮች እናንብብ። አንዱ የሲግናሉን ብርታት፥ ሁለተኛው ጥራቱን ያሳያል። ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ይመለከታቸዋል፤ ነገር ግን የተለያዩ ናቸው። ብርታት ካለ ኤል ኤን ቢውና ገመዱ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ናቸው፤ ጥራት ከሌለ ግን ሰሃኑ የሚያየው ትክክለኛውን ሳተላይት አይደለም፥ ወይም አንድ ነገር ጋርዶታል፥ ወይም የተሞላው ፍሪኩዌንሲ የተሳሳተ ነው። ሁለቱም ከሌሉ ጥርጣሬያችን ወደ ገመዱና ወደ ኤል ኤን ቢው ይሂድ። አንዳንዱ ሪሲቨር ገመድ ሳይሰካም ጥቂት ብርታት ስለሚያሳይ፥ ከመብራት ነቅለን ገመዱን ፈትተን፥ እንደገና አብርተን ልዩነቱን እንመልከት። ልዩነት ከሌለ መንገዱ ተቆርጧል ማለት ነው።

አራተኛ፥ ገመዱ። በኢሉባቦር ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እርሱ ነው። የመቱና የጎሬ ዝናብ ምን ያህል እንደሆነ ለዚህ አገር ልጅ መንገር አያስፈልግም። ውኃው በገመዱ ጫፍ ገብቶ መዳቡን ያዝገዋል። መሣሪያውን ከመብራት ከነቀልን በኋላ የተጠመዘዘውን ጫፍ እንፍታ። መካከለኛው ሽቦ ከጠቆረ ወይም ከአረነገደ ጥቂት ሣንቲ ሜትር ቆርጠን እንደ አዲስ እንላጠው። በዙሪያው ካለው ጥልፍ ሽቦ አንዲት ክር እንኳ መካከለኛውን ብትነካ ቮልቱ ይገናኝና ሪሲቨሩ ይጠፋል ወይም የማስጠንቀቂያ ቃል ያወጣል፤ እንዲያ ሲሆን ነው ያላወቀ ሰው «ተቃጠለ» የሚለው። ሥራው ሲያልቅ ጫፉን በፕላስተር ደኅና አድርገን እንጠቅልል፤ ውኃው ወደ ውስጥ ከመፍሰስ ይልቅ እንዲንጠባጠብም ገመዱን ከመግቢያው በታች ቀለበት አድርገን እንተወው።

አምስተኛ፥ ሰሃኑና ዛፉ። ከመቱ ሲታይ የ57 ዲግሪው ሳተላይት ወደ ምሥራቅ፥ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፥ ከአድማስ 63 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ክንዳችንን ዘርግተን ጡጫችንን ብንለካበት አንድ ጡጫ 10 ዲግሪ ያህል ስለሚሆን፥ ከአድማስ ስድስት ጡጫ ወደ ላይ መቁጠር ነው። ሰሃኑ የሚያየው ፊቱ ከሚያመለክተው ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ሰሃኑ ሲተከል ከጣሪያ በታች የነበረ አቮካዶ ወይም ዋንዛ ከጥቂት ዓመት በኋላ መንገዱን ይዘጋዋል። እንዲህ ሲሆን ቅርንጫፉን መቁረጥ ወይም ሰሃኑን ማዛወር እንጂ ሪሲቨር መለወጥ ምንም አይረዳም።

ደግሞ ጥፋት ያልሆነ ጥፋት አለ። ከባድ ዝናብ ሲወርድ ሞገዱ ይዳከማል፤ ሲያባራ ይመለሳል። ካባራ በኋላ ካልተመለሰ ግን ገመዱን እንጠርጥር። በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ ሳምንታት ደግሞ ፀሐይዋ ከሳተላይቱ ጀርባ ስለምታልፍ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ ድምፁ ለጥቂት ደቂቃ ሊቋረጥ ይችላል። ይህ የሰማይ ሥራ ነውና ታግሦ መጠበቅ ነው።

ማስጠንቀቂያም አለን። ዝናብ ባረጠበው ቆርቆሮ ላይ አንውጣ። መብረቅ ሲያጉረመርም የመብራቱንም የዲሹንም ገመድ እንንቀል። የሪሲቨሩን ክዳን አንክፈት፤ ከመብራት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ የሚያስደነግጥ ኃይል ይቆያልና። እስከዚህ ደርሰን ካልተገኘ፥ ያን ጊዜ ጠጋኝ ይጠራ።

በመጨረሻ ስለ ሌላዪቱ ራዲዮ እንናገር። ጋሼ የዲሹ ነገር ካለቀ በኋላ ከቁም ሣጥን ላይ አቧራ የጠጣች መሣሪያ አውርደው «ይህችስ?» አሉን። የወርልድስፔስ ራዲዮ ነበረች። ወርልድስፔስን የመሠረተው በኢትዮጵያ የተወለደው ኖኅ ሳማራ ነው። አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይቱ ጥቅምት 18 ቀን 1991 ዓ.ም. ተተኮሰች። ትልቅ ሰሃን ሳያስፈልግ፥ በመስኮት በምትቀመጥ ትንሽ ጠፍጣፋ አንቴና የጠራ ድምፅ ይሰማ ነበር። ነገር ግን ኩባንያው ጥቅምት 2001 ዓ.ም. የኪሣራ አቤቱታ አቀረበ፤ ከዚያም ሥርጭቱ ቀረ። ስለዚህ ማንም ጠጋኝ ገንዘብ ተቀብሎ «አስነሣታለሁ» ቢል አንመነው። የታመመችው ራዲዮዋ አይደለችም፤ የሚናገራት ነው የጠፋ።

ይህን ለጋሼ መንገር ከበደን፤ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ታዲያ እናንተ ይህን ለምን በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አልነገራችሁኝም?» አሉ። የሚናገሩት ስለ ሪሲቨሩ እንደ ሆነ ገባን። ከዚያም የአሮጌዋን ራዲዮ ሌሎች ሞገዶች ሞከርንላቸው፤ እንደነዚህ ያሉት ብዙዎቹ አጭር ሞገድና ኤፍ ኤም ጭምር አላቸውና። ጥቂት ካንሿሿች በኋላ አንድ ጣቢያ ያዘች። ጋሼም ወንበራቸውን አስጠጉ።