የአቶም ኃይልና የእኛ መብራት

የሶርን ወንዝ የማያውቅ የኢሉባቦር ሰው የለም። በመቱ አካባቢ፣ በዚሁ ወንዝ ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ አለ። ጉልበቱ 5 ሜጋዋት ነው። አሠራሩ የውኃ ወፍጮን ይመስላል። ውኃው ከላይ ሲወርድ ተርባይን የሚባለውን ትልቅ የብረት መዘውር ይገፋዋል። መዘውሩ ጄኔሬተር የሚባለውን መኪና ያዞረዋል። ኤሌክትሪክ የሚወጣው ከዚያ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሌላ ዓይነት ማመንጫ በሬዲዮ እንሰማለን። የኑክሌር ማመንጫ ይሉታል። የአቶም ማመንጫ የሚሉትም አሉ። ይህ ምንድን ነው? እኛ ቡሬ ያለነውንስ ምን ያገባናል?

የኑክሌር ማመንጫም መዘውር አለው። መዘውሩን የሚገፋው ግን እንፋሎት ነው። ጀበና ሲፈላ በአፉ የሚወጣውን እንፋሎት ሁላችንም እናውቃለን። ያ እንፋሎት እጅግ በዝቶ በቧንቧ ቢታፈን ከባድ ብረት ያሽከረክራል። ታዲያ ውኃውን የሚያፈላው እንጨት አይደለም። ዩራኒየም የሚባል፣ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ማዕድን ነው። ማንኛውም ነገር የተሠራው አቶም ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች ነው። የዩራኒየም አቶም ሲሰነጠቅ ሙቀት ይሰጣል። የጣት ጫፍ የምታህል አንዲት የዩራኒየም ፍሬ የምትሰጠው ሙቀት 10 ኩንታል ያህል የድንጋይ ከሰል ከሚሰጠው ጋር ይመጣጠናል። ለማመን ያስቸግራል፤ ግን እውነት ነው።

አገራችን ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚገኘው ከውኃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ብቻውን 5150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ከሶር ማመንጫ ከ1000 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ሆኖም ውኃ ዝናብን ይጠብቃል። በ2001 ዓ.ም. ግድቦች ውኃ አንሷቸው መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ሌላ ምንጭ ቢታሰብ አያስገርምም። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሮሳቶም ከሚባለው የሩሲያ ድርጅት ጋር የኑክሌር ማመንጫ ለመሥራት የሚያስችል የሥራ ዕቅድ ሞስኮ ላይ ተፈራርማለች። ፊርማ ግን ገና ማመንጫ አይደለም። እንዲህ ያለው ሥራ ከጥናቱ እስከ መብራቱ ረጅም ዓመታት ይፈጃል።

በዚህ ነገር ከእኛ በፊት ብዙ የተከራከሩ ትንንሽ አገሮች አሉ። በአውሮፓ የሚገኙትን ኦስትሪያንና ስሎቬንያን እንይ። ሁለቱ ድንበርተኞች ናቸው። ሁለቱም እንደ እኛ ተራራና ወንዝ አላቸው።

ኦስትሪያ ዳኑብ በሚባለው ወንዝ ዳር፣ ጽቬንተንዶርፍ በምትባል መንደር ማመንጫ ሠርታ ጨረሰች። ከዚያ በኋላ «ይከፈት ወይስ አይከፈት?» ተብሎ ሕዝቡ ተጠየቀ። ጥቅምት 26 ቀን 1971 ዓ.ም. ድምፅ ተሰጠ። ከመቶ 50 እጅ ተኩል ያህሉ «አይከፈት» አለ። የልዩነቱን ማነስ ተመልከቱ! ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ማመንጫ አንድም ቀን ሳይሠራ ቀረ። ሕዝብን መጠየቅ መልካም ነው፤ ደግ አደረጉ እንላለን። ግን መጠየቅ የነበረባቸው መሠረቱ ሳይቆፈር ነበር።

ስሎቬንያ ሌላ መንገድ ያዘች። ሕዝቧ 2 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። ክርሽኮ የሚባለውን ማመንጫ ከጎረቤቷ ከክሮኤሽያ ጋር እኩል ትካፈላለች፤ ሥራ ከጀመረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዕድሜው ተራዝሞለት እስከ 2035 ዓ.ም. ድረስ እንዲሠራ ታስቧል። ሁለተኛ እንጨምር ወይስ ይቅር በሚለው ግን ሕዝቡ ይከራከራል።

ፍርሃቱ ከምን መጣ? ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ጨረርም ይወጣል። ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ ሲበዛ ግን ሰውንና ከብትን ይጎዳል። ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. በዩክሬን፣ ቼርኖቢል ላይ አንድ ማመንጫ ፈነዳ። የአሠራሩ ጉድለትና የሠራተኞቹ ስሕተት ተገናኝተው ነው። ከ100 ሺህ በላይ ሰው ቤቱንና እርሻውን ጥሎ ወጣ። መርዙ በነፋስ ተወስዶ የራሷን ማመንጫ ሳትከፍት የቀረችው ኦስትሪያ ድረስ ከዝናብ ጋር ወረደ። እንዲህ ያለ አደጋ ብዙ ጊዜ አይደርስም። ሲደርስ ግን ድንበር አያውቅም።

ሌላው ጭንቅ አመዱ ነው። የምድጃችንን አመድ ጓሮ እንበትነዋለን። ተሠርቶበት ያለቀው ዩራኒየም ግን በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ጨረሩ አይጠፋም። መጀመሪያ ለዓመታት በውኃ ገንዳ ውስጥ ይቀዘቅዛል። ፊንላንድ የምትባለው አገር እሱን ለመቅበር ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ዋሻ በአለት ውስጥ ቆፍራለች። የኛው የት እንደሚቀመጥ፣ ዩራኒየሙስ ከማን በስንት እንደሚገዛ፣ ማን እንደሚጠብቀው ሥራው ሳይጀመር መጠየቅ አለበት። የዛሬ ውሳኔ ለልጅ ልጅ ልጆቻችን የሚተርፍ ዕዳ አለው።

አንድ ነገር ደግሞ አይዘንጋ። ማመንጫ በዛ ማለት መብራት ጎጆ ገባ ማለት አይደለም። ከማመንጫው እስከ ቤታችን የመብራት እንጨት፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ገጠር ላይ ቤቶች ተራርቀው ስለተሠሩ ለእያንዳንዱ ጎጆ የሚዘረጋው ሽቦ ብዙ ነው፤ ወጪውም ከባድ ነው። ይህ በውኃም በአቶምም ያው ነው። በጣራ ላይ የሚሰቀለው የፀሐይ መብራት ግን ሽቦ አይጠብቅም። በብዙ የገጠር ቤት ኩራዝን ያስጣለው እሱ ነው።