የተማሪውን ሁሉ መልስ ባንድ ጊዜ ስለሚያሳየው መሣሪያ

መምህር አስተምሮ ሲያበቃ «ገባችሁ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ተማሪው ሁሉ ባንድ ድምፅ «ገብቶናል» ይላል። ነገር ግን ይህ ድምፅ የገባውንና ያልገባውን አይለይም፤ ዐይነ አፋሩ ልጅ በጓደኞቹ ድምፅ ተሸሽጎ ሳያውቅ ያልፋልና።

ስለዚህ በአሜሪካና በሌላም አገር ባሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች በእጅ የሚያዝ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክ መልስ መስጫ ለየተማሪው ይታደላል። መምህሩ ጥያቄውን ከምርጫዎች ጋራ ያቀርባል፤ ተማሪው የመረጠውን ፊደል ሲጫን መልሱ ያለ ሽቦ ወደ መምህሩ ኮምፒዩተር ይደርሳል። ወዲያውም ስንቱ «ሀ»፥ ስንቱ «ለ» እንዳለ በመጋረጃ ላይ ይታያል፤ የመላሹ ስም ግን በጓደኞቹ ፊት ስለማይገለጥ የሚያፍር የለም።

በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የሆኑት ኤሪክ ማዙር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. በጀመሩት ሥርዐት፥ ተማሪው አስቀድሞ ለብቻው ይመልሳል። ከመቶው ከ30 እስከ 70 የሚሆነው በትክክል የመለሰ እንደ ሆነ፥ ሁሉም ከጎረቤቱ ጋራ ተከራክሮ ዳግመኛ ይመልሳል። ከ30 ቢያንስ ትምህርቱ እንደ ገና ይብራራል፤ ከ70 ቢበልጥ ጥቂት ተገልጦ ይታለፋል። በአገራችንም የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የለየው ልጅ ላልለየው ሲያስቈጥር ኖሯልና፥ ባልንጀራ ባልንጀራውን ማስተማሩ እንግዳ ነገር አይደለም።

መሣሪያው ግን መልካም ጥያቄን አይተካም። መልካም ጥያቄ የልጁን ስሕተት የሚገልጥ ነው። ለምሳሌ «ከ1/3 እና ከ1/4 የትኛው ይበልጣል?» ቢባል፥ 4 ከ3 ይበልጣል ብሎ 1/4ን የሚመርጥ ልጅ አይታጣም። መምህሩ ይህን ባየ ጊዜ አንዱን እንጀራ ለሦስት፥ ሁለተኛውን ለአራት ቈርሶ ሲሶው ከሩቡ እንዲበልጥ ያሳያል።

መሣሪያ የሌለው ትምህርት ቤትም ከዚህ ጥቅም አይጐድልም። ለየልጁ ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ የተጻፈባቸው አራት ወረቀቶች ይሰጡ፤ መምህሩ ሲያዝ ሁሉም የመረጠውን ባንድነት፥ ጎረቤቱ እንዳያይበት በደረቱ ላይ አድርጎ ያሳይ። በካናዳ ኮሌጅ ተደርጎ በ2008 የታተመ ጥናት በወረቀቱና በመሣሪያው መካከል ይህን ያህል የትምህርት ልዩነት አላገኘም። የመሣሪያው ብልጫ መልሱን ፈጥኖ መቍጠሩና መዝግቦ ማኖሩ ነው።

የተሳሳተው ልጅ እንዳይዘለፍ መምህሩ በክፍሉ፥ ሽማግሌውም በቤቱ ይጠንቀቅ፤ የተዘለፈ ልጅ ሁለተኛ አለማወቁን አይገልጥምና። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደ ተባለ፥ መሣሪያው እስኪመጣ ሳይጠበቅ ጥያቄው ይዘጋጅ።