የኤሌክትሪክ አረቄ ማውጫ መጠን እንዴት ይወሰናል?

የአረቄ ማውጫ መሣሪያ ከውጭ አገር ለማስመጣት ወይም በአገር ውስጥ ለማሠራት የሚያስብ ነጋዴ ዘወትር አስቀድሞ የሚጠይቀው «ጋኑ ስንት ሊትር ይይዛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም። የመሣሪያው የሥራ ችሎታ በጋኑ ስፋት ብቻ ሳይሆን በማሞቂያው ኃይልና በማቀዝቀዣው ብርታትም ይወሰናልና። ከሦስቱ አንዱ ካነሰ ለቀሩት ሁለቱ የወጣው ገንዘብ ከፊሉ ያለ ጥቅም ይቀራል።

ሥራው በመሠረቱ ከጥንት ጀምሮ በየቤቱ ከሚታወቀው የአረቄ አወጣጥ የተለየ አይደለም። በቤት ውስጥ ድፍድፉ በሸክላ ዕቃ ሆኖ በማገዶ ይፈላል፤ እንፋሎቱም በመቃ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይጠራቀማል። በፋብሪካ ግን የሸክላው ምትክ የብረት ጋን፥ የመቃው ምትክ የመዳብ ቧንቧ፥ የማገዶውም ምትክ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። አልኮል ከውሃ ቀድሞ ስለሚተን ፊተኛው እንፋሎት በአልኮል የበለጸገ ይሆናል።

የጋኑ ልክ

ለምሳሌ 500 ሊትር የሚይዝ ጋን እንውሰድ። ድፍድፍ ሲፈላ አረፋ ስለሚያነሣ ከጋኑ አንድ አራተኛ ያህሉ ባዶ መተው አለበት፤ ስለዚህ የሚሞላው 375 ሊትር ብቻ ነው። ድፍድፉ ከመቶ 8 እጅ አልኮል ቢኖረው በውስጡ ያለው ንጹሕ አልኮል 30 ሊትር ይሆናል። በመጀመሪያው ማውጣት ይህ አልኮል ከሞላ ጎደል በሙሉ ተሰብስቦ ከመቶ 25 እጅ ያህል ብርታት ያለው 120 ሊትር ፈሳሽ ይገኛል። ይህ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም 360 ሊትር ስለሚሆን ያንኑ ጋን ለዳግም ሥራ ይሞላዋል። እንግዲህ የሦስት ሙሌት ድፍድፍ ለአንድ ዳግም ይበቃል ማለት ነው።

የማሞቂያው ኃይል

በአዲስ አበባ ከፍታ 375 ሊትር ድፍድፍ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስኪፈላ ለማሞቅ 29 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይፈጃል። ከዚያም 120 ሊትሩን በእንፋሎት ለማውጣት 64 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ድምሩ 93 ሲሆን በጋኑ ግድግዳ የሚባክነው ሙቀት በዚህ ላይ ይጨመራል። ማሞቂያው 6 ኪሎ ዋት ብቻ ቢሆን አንዱ ሙሌት ከ15 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ 24 ኪሎ ዋት ቢሆን ግን በአራት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጸማል። ጋኑ ያው ሆኖ ሳለ አንደኛው በቀን አንድ ሙሌት እንኳ ለመጨረስ ሲቸገር ሁለተኛው ሁለት ሙሌት ሊፈጽም ይችላል።

24 ኪሎ ዋት በባለ 220 ቮልት አንድ ፌዝ መስመር ቢሳብ 109 አምፔር ስለሚጠይቅ ለተራ የሱቅ መስመር የሚሞከር አይደለም። በባለ 380 ቮልት ሦስት ፌዝ ግን በእያንዳንዱ ፌዝ 36 አምፔር ተኩል ያህል ይሆናል። እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ዋት የሆኑ ስድስት ማሞቂያዎች ለየፌዙ ሁለት ሁለት ቢደለደሉ፥ በዳግም ጊዜ ሥራው በዝግታ መካሄድ ስለሚገባው ሦስቱን አጥፍቶ በሦስቱ መሥራት ይቻላል።

እዚህ ላይ አስመጪው በብርቱ ሊጠነቀቅበት የሚገባው በማሞቂያው ላይ የተጻፈው ቮልት ነው። ለ240 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ በ220 ቮልት ሲሠራ ኃይሉ ወደ ከመቶ 84 ይወርዳል፤ 4 ኪሎ ዋት ተብሎ የተገዛው 3.4 ያህል ብቻ ይሰጣል። ለ110 ቮልት የተሠራው ደግሞ በ220 ቮልት ላይ ቢሰካ አራት እጥፍ ኃይል ስቦ ይቃጠላል።

ማሞቂያው በድፍድፍ ውስጥ የሚነከር ከሆነ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ8 ዋት ባይበልጥ ይመረጣል፤ አለዚያ ድፍድፉ ይጠበስና አረቄው የማረር ሽታ ይይዛል። አተላ ያለበት ወፍራም ድፍድፍ ቀድሞ መጣራት ወይም በዙሪያው የውሃ ወይም የዘይት ከረጢት ባለው ባለ ድርብ ግድግዳ ጋን መሞቅ አለበት። ማሞቂያውም ሁልጊዜ በፈሳሽ እንደ ተሸፈነ እንዲቆይ ዝቅ ብሎ ይተከላል።

ማቀዝቀዣውና ውሃው

በ24 ኪሎ ዋት የሚነሣውን እንፋሎት ለማቀዝቀዝ፥ ውሃው በ20 ዲግሪ ገብቶ በ50 ዲግሪ የሚወጣ ቢሆን፥ በሰዓት ከ700 እስከ 800 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ይህም ለአንድ ሙሌት ከ2,000 ሊትር በላይ ነው። ስለዚህ ውሃው ቀዝቅዞ እንደገና የሚሠራበት ማጠራቀሚያ ከመሣሪያው ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። ሞቆ የሚወጣው ውሃ ለሚቀጥለው ሙሌት ማሞቂያ ቢውል የመብራት ወጭ ይቀንሳል።

የሚሠራበት ብረትና የእሳት ጥንቃቄ

ጋኑ ከማይዝግ ብረት ሊሠራ ይችላል፤ ክዳኑና የእንፋሎቱ ቧንቧ ግን ከመዳብ ቢሆኑ መጥፎ ሽታ የሚያመጣውን ድኝ አዘል ነገር ስለሚይዙ አረቄው ይጠራል። እርሳስ ያለበት ብየዳ ለጤና አደገኛ ስለ ሆነ ፈጽሞ አይፈቀድም።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበልባል ባይኖረውም የእሳት አደጋ የለም ማለት አይደለም። የአልኮል እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ ተኝቶ ከማብሪያ ማጥፊያ በሚወጣ ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ የመብራት ሰሌዳው በሌላ ክፍል ይቀመጣል፤ ክፍሉ በደንብ ይናፈሳል፤ ጋኑም ከምድር ሽቦ ጋር ይያያዛል። ከጋኑ እስከ መውጫው ባለው መንገድ ላይ የሚዘጋ ቧንቧ አይደረግም። የማቀዝቀዣው ውሃ ቢቋረጥም ኃይሉን ወዲያው የሚያጠፋ መሣሪያ መኖር አለበት።

ስለ ሙቀት መለኪያም አንድ ነገር መታወቅ ይገባል። የአውሮፓ መመሪያዎች የሚሰጡት ሠንጠረዥ በባሕር ወለል የተለካ ሲሆን በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ያህል ነው። ሠንጠረዡን እንዳለ የሚከተል ሠራተኛ ሥራው ያለቀበትን ጊዜ ይስታል። ከዚህ ይልቅ በመውጫው ላይ የአልኮል መለኪያ ማድረግ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን የፈሳሹ ሙቀት ታይቶ ይታረማል።

ከመታዘዙ በፊት

ገዢው ገንዘብ ከመላኩ አስቀድሞ የሚከተሉትን ከሻጩ በጽሑፍ ሊቀበል ይገባል፤

1ኛ/ የጋኑ ጠቅላላ ይዞታና የሚሞላው ልክ፤
2ኛ/ የማሞቂያው ኃይል በ220 እና በ380 ቮልት፤
3ኛ/ ማቀዝቀዣው በሰዓት የሚፈልገው ውሃ፤
4ኛ/ ብረቱና ብየዳው ከምን እንደ ተሠሩ።

ከዚህም ጋር የፋብሪካ ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 የአልኮል መጠጦችን ስለሚመለከት ታክሱም በሒሳቡ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ጋን፥ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ተመጣጥነው የታዘዙ እንደ ሆነ መለስተኛው መሣሪያ ካልተመጣጠነው ትልቅ መሣሪያ ይልቅ ብዙ አረቄ ያወጣል።