ድግስ ሲታሰብ፦ የቆርቆሮ ድራፍት በቤት ውስጥ እንዴት ይቀመጣል?



በአገር ቤት ድግስ ሲታሰብ የእናቶቻችን ሐሳብ ጠላው ላይ ነበር። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ተፈጭቶ፣ ጋኑ በወይራ ጭስ ታጥኖ፣ ድግሱ የሚውልበት ቀን ተቆጥሮ ነበር የሚጠመቀው። ጠላው ቀድሞ ከደረሰ ይሆመጥጣል፤ ከዘገየ ደግሞ እንግዳ ፊት ጉሽ ይቀርባል። ስለዚህ ቀኑን ማወቅ የባለሙያ ሴት ምልክት ነበር።

እዚህ በእስራኤል ግን ብዙዎቻችን ለሠርግ፣ ለባር ሚጽቫና ለተዝካር የቆርቆሮ ቢራ በካርቶን እንገዛለን። ቆርቆሮው የታሸገ ስለሆነም «ይህ አይበላሽም» ብለን እናምናለን። ሱፐሩ ዋጋ ሲቀንስ ሦስት አራት ካርቶን ተገዝቶ በሚርፔሴት ላይ ይደረደራል። የበጋው ፀሐይ ሁለት ወር ሲመታው ይቆይና በድግሱ ቀን ሲከፈት ቢራው እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል። እንግዳው በይሉኝታ አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ ብርጭቆውን እንደሞላ ትቶት ይሄዳል። ገንዘብ ባክኖ የባለቤቱም ፊት ይጠቁራል። ይህ እንዳይደርስ ማወቅ የሚገባንን በዚህ ጽሑፍ እናቀርባለን።

ድራፍት በቆርቆሮ ሲባል ምን ማለት ነው?

በጎንደርም ሆነ በአዲስ አበባ ድራፍት ቤት የገባ ሰው እንደሚያውቀው፣ ድራፍት ከበርሜል በጋዝ ግፊት እየተቀዳ የሚጠጣ ቢራ ነው። በርሜሉ በቅዝቃዜ ይጠበቃል፤ በጥቂት ቀንም ተጠጥቶ ያልቃል። ጣዕሙ ትኩስ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

«ድራፍት» ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሙቀት ሳይፈላ እርሾውና ሌሎቹ ተሐዋስያን በጣም በረቀቀ ማጣሪያ የተወገዱለት ነው። ሁለተኛው በውስጡ ናይትሮጅን የሚባል ጋዝ የያዘች ትንሽ የፕላስቲክ ኳስ ያለችበት ነው። ይህን ዘዴ በ1980ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ ያዋለው የአየርላንዱ ጊነስ ነው። ቆርቆሮው ሲከፈት ጋዙ ከኳሷ ፈትለክ ብሎ ይወጣና ቢራው ከበርሜል የተቀዳ ይመስል ወፍራም አረፋ ይሠራል። ባዶውን ቆርቆሮ ስታነቃንቁ የሚንኳኳው ይህች ኳስ ናት፤ ባዕድ ነገር ገብቶበት አይደለምና አትደንግጡ።

ዋናው ጠላት ሙቀት ነው

ቢራን የሚያበላሹት ብርሃን፣ አየር፣ ሙቀትና የጊዜ ርዝመት ናቸው። ብርሃን ጌሾ መሰሉን የቢራ ቅመም ለውጦ መጥፎ ሽታ ያመጣል፤ ቆርቆሮ ግን ብርሃን ስለማያሳልፍ ከዚህ ይድናል። አየርም ቢሆን ከውጭ አይገባም። ሲታሸግ በውስጡ የምትቀር ጥቂት አየር ግን አለች። ቢራውን ቀስ በቀስ የምታስረጀው እርሷ ናት፤ ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ሥራዋን ታፋጥናለች።

ቢራ ጠማቂዎች ይህን በግምት ለማስረዳት 3፣ 30 እና 300 የሚሉ ቁጥሮችን ይጠቀማሉ። በ32 ዲግሪ ሙቀት 3 ቀን የቆየ ቢራ፣ በ22 ዲግሪ 30 ቀን ወይም በ3 ዲግሪ 300 ቀን የቆየውን ያህል ያረጃል ማለት ነው። በቤር ሸቫ ወይም በአፉላ የበጋ ቀን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ እንደሚያልፍ ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ በሚርፔሴት ላይ ሁለት ወር የከረመ ካርቶን ምን ያህል እንዳረጀ እናንተው አስሉት። ጎንደር ደጋ ስለሆነ እዚያ ይህን ያህል አያሳስብም ነበር፤ የዚህ አገር አየር ግን ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በቤታችን የት እናስቀምጠው?

ከሁሉ የሚሻለው ፍሪጅ ነው። ከበር ይልቅ ወደ ውስጥ ባለው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሙቀት ይገባልና። ቦታ ከሌለ ፀሐይ በማይገባበት ክፍል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም አልጋ ሥር ወለሉ ላይ ይደረግ። በምድጃ አጠገብ፣ በፍሪጅ አናት ላይና በመኪና ውስጥ ግን ፈጽሞ አይቀመጥ። በበጋ ፀሐይ የቆመ መኪና እንደ ምድጃ ስለሚግል ቆርቆሮው ሊፈነዳ ይችላል።

ቶሎ ይቀዝቅዝ ብሎ ፍሪዘር ውስጥ መርሳትም አደጋ አለው። ቢራ ከዜሮ በታች 2 ወይም 3 ዲግሪ ላይ መርጋት ይጀምራል፤ ሲረጋ ይሰፋና ቆርቆሮውን ይቀደዋል። ለችኮላ በረዶና ውኃ የተሞላ ባልዲ ይበልጣል። ቀዝቅዞ የነበረ ቢራ ከፍሪጅ ስለወጣ ብቻ አይበላሽም፤ የሚጎዳው ለብዙ ጊዜ በሙቀት መቆየቱ ነው።

ኳስ ያለበት ድራፍት ከመከፈቱ በፊት በደንብ መቀዝቀዝ አለበት። ሞቅ ብሎ ከተከፈተ ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል። ሳይነቀነቅ ተከፍቶ ሰፋ ባለ ብርጭቆ በአንድ ጊዜ ይቀዳ። የተከፈተ ቆርቆሮ እንደ ጠላ ጋን ለነገ አያድርም፤ ጋዙ ይወጣና ውኃ ውኃ ይላል። ያበጠ ወይም የሚያንጠባጥብ ቆርቆሮ ካገኛችሁም ጣሉት።

ቀኑን ማንበብ

በቆርቆሮው ሥር የታተመው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን፣ መጀመሪያ ቀኑ፣ ቀጥሎ ወሩ፣ ከዚያ ዓመቱ ይጻፋል። 05.11 ሲል ኖቬምበር 5 ማለት ነው እንጂ ሐምሌ 5 አይደለም። ዓመቱንም በአገራችን አቆጣጠር ካሰባችሁት በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ትሳሳታላችሁ። ዋጋ የተቀነሰበት ቢራ አንዳንድ ጊዜ ቀኑ የቀረበ ስለሆነ ከመክፈል በፊት ማየት ይበጃል። ለድግስም ቢሆን በድግሱ ሳምንት መግዛት ይመረጣል።

ፔሳሕ ሲቃረብ

ቢራ ከገብስ ስለሚሠራ ሐሜጽ ነው። በአገር ቤት ከፋሲካ በፊት የቦካና የፈላ ሁሉ ከቤት ይወጣ እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ። የታሸገ ቆርቆሮም ከዚህ አያመልጥም። በፔሳሕ በአይሁዳዊ እጅ የቆየ ሐሜጽ ከበዓሉ በኋላም አይጠጣም። ስለዚህ ከፑሪም በኋላ ብዙ አትግዙ። የተረፈ ካለ ከበዓሉ በፊት በረቢው በኩል ስለሚሸጥበት ሥርዓት ቄሶቻችንን ወይም የሰፈሩን ረቢ ጠይቁ።

በመጨረሻም ወላጆች ሆይ፣ ልጆች የቢራውን ቆርቆሮ ከለስላሳ መጠጥ ላይለዩት ይችላሉና እጃቸው በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። በዚህ አገር ሕግ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። ባዶውን ቆርቆሮ ደግሞ አትጨፍልቁት። በእያንዳንዱ ላይ 30 አጎሮት ፒካዶን፣ ማለትም የሚመለስ መያዣ ገንዘብ፣ ከፍላችኋል፤ የተጨፈለቀውን የሱፐሩ ማሽን ላይቀበለው ይችላል።

እናቶቻችን ለጠላው ቀን ይቆጥሩ እንደነበር እኛም ለቆርቆሮው ቀን እንቁጠርለት። ድግሳችሁ ያማረ፣ እንግዳችሁም የረካ ይሁን። ለሐይም!