ደመወዝ የሌላቸው የውኃ ሹሞች

በአማራ ክልል ገጠር የእጅ ፓምፕ የተተከለበት ጉድጓድ ካለ፣ የሚያስተዳድረው ኮሚቴም አለው። አባላቱ ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ሰባት ናቸው፤ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የፓምፑ ተንከባካቢዎች። ማንም ደመወዝ አያገኝም። ጎጡ ተሰብስቦ ከመካከሉ የሚመርጣቸው አርሶ አደሮች ናቸው፤ ግማሽ ያህሉ ሴቶች እንዲሆኑ ይፈለጋል። እንስራና ጀሪካን ተሸክሞ የሚመላለሰው ማን እንደሆነ ለሚያውቅ ምክንያቱ ግልጽ ነው። በወረዳው መዝገብ ረጅም ስም አላቸው፤ ሰዉ ግን «ዋሽኮ» ወይም «የውኃ ኮሚቴ» ይላቸዋል። ስለ ገጠር ውኃ ሲወራ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ የለጋሹ ስምና የማሽኑ ዓይነት ነው። ጉድጓዱን ከዓመት ዓመት በሕይወት የሚያቆዩት እነዚህ ሰዎች ግን ከዚህ የበለጠ ሊታወቁ ይገባል።

ኮሚቴው ዛሬ ያለውን ሥልጣን ያገኘው ቀስ በቀስ ነው። የፊንላንድ መንግሥት ይደግፈው የነበረው የአማራ ክልል የገጠር ውኃና አካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1994 ሲጀመር አሠራሩ የተለመደው ነበር፤ ሲሚንቶ የሚገዛው፣ ግንበኛ የሚቀጥረው፣ ጉድጓዱን አስጨርሶ የሚያስረክበው መሥሪያ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ይህ ተገለበጠና የግንባታው ገንዘብ ራሱ በኮሚቴው እጅ እንዲገባ ተደረገ፤ የሚተላለፈውም በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በአብቁተ፣ በኩል ነበር። ጎጡ ውኃ እንፈልጋለን ብሎ ለወረዳው ያመለክታል፤ ባለሙያ መጥቶ ቦታውን ያያል፤ ጥያቄው ከጸደቀ በኋላ ሒሳቡን የሚያንቀሳቅሰው፣ ሲሚንቶና ብረት የሚገዛው፣ ከግንበኛ ጋር የሚዋዋለው፣ ደረሰኙን ይዞ በሕዝቡ ፊት የሚቆመው ኮሚቴው ነው። ነዋሪውም ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ በጉልበቱ ይሠራል፣ ለወደፊቱ ጥገና የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ይቆጥባል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ይህ አደራ ነው። ድሃ ገበሬ ብዙ ገንዘብ አይታመንም የሚል ያረጀ ጥርጣሬ አለ። ኮሚቴዎቹ መልሱን በሥራ ሰጥተዋል፤ በዚህ መንገድ ከተሠሩት የውኃ ተቋማት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አገልግሎት ሲሰጡ ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 በተካሄደው አገር አቀፍ ቆጠራ ግን በገጠር ከነበሩት ተቋማት ከአራቱ አንዱ ያህል አይሠራም ነበር። አሠራሩ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኮዋሽ በተባለው ፕሮጀክት አማካይነት ወደ ሌሎች ክልሎችም ተስፋፍቷል።

ጉድጓዱ የሚቆፈረው በበጋ ነው፤ ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የከርሰ ምድሩ ውኃ እጅግ ይወርዳልና። በክረምት የተቆፈረ ጉድጓድ ቶሎ ውኃ ያሳይና መጋቢት ላይ ሊደርቅ ይችላል። ከመጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት። ግድግዳው በኮንክሪት ቀለበት ወይም በድንጋይ ይገነባል፣ አፉ በኮንክሪት ክዳን ይዘጋል፣ የፈሰሰው ውኃ ተመልሶ እንዳይሰርግ ዙሪያው ተለስኖ ቦይ ይወጣለታል።

በክዳኑ ላይ በብዛት የሚተከለው አፍሪዴቭ የተባለው ፓምፕ ነው። የተሠራበት ሐሳብ ከኮሚቴው ሥራ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ቀደም ሲል የነበሩት ፓምፖች ሲበላሹ ከባድ የብረት ቱቦ ከጉድጓዱ መጎተት ግድ ይሆን ነበር። ለዚያ መኪና ያለው የጥገና ቡድን ያስፈልጋል፤ ቡድኑ ከከተማ እስኪመጣ መንደሩ ወደ ወንዙ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና የዓለም ባንክ ባካሄዱት ሥራ፣ በማላዊና በኬንያ መንደሮች እየተሞከረ፣ ነዋሪው ራሱ ሊጠግነው የሚችል ፓምፕ ተሠራ። ቱቦው ፕላስቲክ ነው። ዘንጎቹ ያለ ብሎን፣ እንደ መንጠቆ ተቆላልፈው ይያያዛሉ። ፒስተኑና ከሥሩ ያለው ቫልቭ ቱቦው ሳይነቃነቅ በላይ በኩል መውጣት ይችላሉ፤ ለዚህም አንድ የብሎን መፍቻና ቫልቩን የሚያጠምድ አንድ መሣሪያ ይበቃሉ። ከ10 እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ይሠራል፤ የታቀደው እስከ 300 ለሚደርሱ ሰዎች ነው። ንድፉም የማንም ኩባንያ የግል ንብረት አይደለም፤ የፈለገ አምራች ሊሠራው ይችላል።

ፓምፑ ሲደክም አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቁት ፒስተኑ ላይ ያለችው የጎማ ቀለበትና መያዣው የሚዞርባቸው የፕላስቲክ ኩሽኔታዎች ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ቢቀየሩ ይመከራል። የሠለጠኑ ሁለት የመንደሩ ሰዎች፣ ወንድም ሆኑ ሴት፣ ይህን በአንድ ረፋድ መጨረስ ይችላሉ።

ከጥገናው ውጭ ያለው ሥራ ብዙም አይታይም፤ ማለቂያም የለውም። ከየቤቱ መዋጮ መሰብሰብ፣ አጥሩን ማደስ፣ ዘበኛ መቅጠር፣ ፓምፑ ጠዋትና ማታ የሚከፈትበትን ሰዓት መወሰን፣ በወረፋ የተጣሉትን ማስታረቅ። መዋጮውን መክፈል ያቃታት አሮጊት ስትመጣ ምን ይደረግ የሚለውን የሚፈርዱትም እነሱ ናቸው። ዘበኛው ቢያንስ ጥቂት ገንዘብ ወይም እህል ይሰፈርለታል፤ ኮሚቴው ግን የራሱን የእርሻ ቀን ነው የሚሠዋው።

ንጹሕ ውኃ ያለ መጸዳጃ ግማሽ ሥራ ነው። እዚህም ትልቁን ሸክም የተሸከመው በጎ ፈቃደኛ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ሁለት እጁ እነሴ ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ ትራኮማን ለመከላከል በተደረገ ዘመቻ ነዋሪዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ መጸዳጃ ጉድጓዶች በራሳቸው ጉልበት፣ ከአካባቢያቸው ባገኙት እንጨትና ጭቃ ሠርተዋል። ዓይን የሚያሳውረውን በሽታ የምታዛምተው ዝንብ በሜዳ በተጣለ ዓይነ ምድር ላይ ትራባለች። ሴቶቹ ግን ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ ሰው እንዳያያቸው ብለው እስኪመሽ ይቆዩ ስለነበር ዘመቻውን አጥብቀው ገፉበት።

የኮሚቴዎቹ ዋና ፈተና መለዋወጫ ነው። የጎማ ቀለበቷ ዋጋዋ ቀላል ሆኖ ሳለ በወረዳው ከተማ ሱቅ ከሌለች ፓምፑ ለወራት ሊቆም ይችላል። ተንከባካቢው ሥራ ፍለጋ ከሄደም እውቀቱ አብሮት ይሄዳል፤ ሌላ ሰው ማሠልጠን ያስፈልጋል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች ለትውልድ ቀበሌያቸው ጉድጓድ ለማስቆፈር ገንዘብ የሚያዋጡ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ሲሚንቶው ከመገዛቱ በፊት ገንዘብ ያዡ ማን እንደሆነ፣ የቁጠባ ደብተር ተከፍቶ እንደሆነ፣ መለዋወጫው ከየት እንደሚገኝ ይጠይቁ፤ ከተሰበሰበው ላይም የጥቂት ዓመታት መለዋወጫና የአዳዲስ ተንከባካቢዎች ማሠልጠኛ የሚሆን ቀንሰው ያስቀምጡ።